ከኮዬ ፈጬ አቃቂ፦ ሟች ፍለጋ

ከኮዬ ፈጬ የወጣሁት እንደ ሌባ ነው። ልጄ «አባባ፣ በዚህ በሽታ ከበር እንዳይወጡ!» ብላ ሥራ ስትሄድ ማስኬን አጥልቄ፣ ደረጃው ላይ እያረፍኩ ወረድኩ። ጠዋት ሬዲዮው ስለ አንድ የስልክ ጥናት ሲያወራ፣ አቃቂ አሮጌው ባቡር ጣቢያ አካባቢ አብዛኛው ቤት በወረርሽኙ ሰው አጥቷል አለ። እንዴ! ያ የእኔ ሰፈር ነው፤ ከባቡር ሥራ ጡረታ የወጣሁበት፣ ኮሮና ሲገባ ልጄ ጎትታ ያስለቀቀችኝ። የዳማ ጓደኛዬ ቶሎሳ አሁንም እዚያ ነው። ብደውል ስልኩ ዝግ ሆነብኝ።

ታክሲ ውስጥ

ጊዜው ግማሽ ሰው፣ እጥፍ ሂሳብ ነው። ቱሉ ዲምቱ ላይ ረዳቱ ዞሮ «ፋዘር፣ በአገጭዎት ነው እንዴ የሚተነፍሱት?» አለኝ። ተሳፋሪው ሳቀ፤ አፍንጫዬን ሸፈንኩ።

ወሬው ግን አልዋጥልህ አለኝ። የእድራችን ድንኳን አንድ ነው። ያ ሁሉ ቤት ለቅሶ ከተቀመጠ መቼ ተተከለ፣ መቼ ተነቀለ? ለቅሶ ቤት ንፍሮ የማልጠግበውን እኔንስ ማን ሳይጠራኝ ቀረ? ሂሳቡ አይመጣም። ቢሆንም ቶሎሳ አንዱ ብቻ ከሞተ፣ ለእኔ ጥናቱ ልክ ነው።

አቃቂ

ሐዲዱ መሐል ፍየሎች ሣር ይግጣሉ። የቶሎሳን ቆርቆሮ በር በከዘራዬ ደጋግሜ መታሁ።

«ማነው? በሩን ሊገነጥለው ነው እንዴ!» ራሱ ቶሎሳ!

«አለህ?»

«የት እሄዳለሁ? ሚስቴ ስልኬን ከነሱሪዬ አጠበችልኝ እንጂ።»

ባለቤቱ አስካለ እየሮጠች መጣች። «ጋሽ በቀለ! ካጣንዎት ቆየን እኮ! በስልክ ለጠየቀችኝ ልጅ ሳይቀር ነግሬያታለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«'በኮሮና ምክንያት ያጣችሁት ሰው አለ?' አለችኝ። 'አዎ፣ ጋሽ በቀለን አጣን' አልኳት። 'እግዚአብሔር ያጽናችሁ' ስትለኝ ምርቃት መስሎኝ 'አሜን' አልኩ።»

ጎረቤቷ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። «እኔም እኮ እሳቸውን ነው የነገርኳት!» ከማዶም ሌላዋ «እኔም!» አለች።

ቶሎሳ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አንተ ሽማግሌ፣ ብቻህን ሰፈሩን ጨረስከው!»

እኔም ሳቅሁ፤ ደግሞ ኮራሁ፤ በቁሜ ይህን ያህል ተቆጥሬ አላውቅም። ከዚያ፣ ለቅሶ ሲኖር ሰፈሩን የሚጠራው የእድሩ ጥሩምባ ነፊስ እንዴት እንደሆነ ጠየቅሁ። ሳቁ ቀዘቀዘ።

«እሱ በእርግጥ ሞተ» አለ ቶሎሳ። «በዚሁ በሽታ። ብቸኛ ሰው፤ ቤቱ ተዘግቷል።»

ታዲያ እዚያ ቤት ቢደወል ማን ያነሳል? እኔ በየቤቱ ሞቼ፣ እሱ አንድ ጊዜም አልሞተም። ሬዲዮው አበዛ ልበል ወይስ አሳነሰ? አላውቅም። ከእንግዲህ ቁጥር ስሰማ ግን ጥያቄው ምን ተብሎ እንደተጠየቀና ስልኩን ያላነሳው ማን እንደሆነ ሳልጠይቅ አላልፍም።

ኮዬ ፈጬ

ልጄ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «አባባ! የት ጠፍተው ነው?»

«አቃቂ።»

ቁጣዋ በረደና ፊቷ ተለወጠ። «ሬዲዮውን ሰምቻለሁ። ጋሽ ቶሎሳ... ደህና ናቸው?»

«እሱስ ደህና ነው» አልኳት፣ ማስኬን እያወለቅሁ። «የሞትኩት እኔ ነኝ።»