ቆጣሪዋ የሳተችው ቁጥር

ክር ፋብሪካ ትሠራ በነበረበት ዘመን ባልደረቦቿ «ቆጣሪዋ» ነበር የሚሏት። የማጠንጠኛው ቆጣሪ ሲበላሽ ጠጋኝ የሚጠራ አልነበረም፤ እሷን ነበር የሚጠሩት። እያወራች፣ እየሳቀች፣ ሻይዋን ፉት እያለች እንኳ ዙሩን አትስትም። አለቃዋ አንድ ቀን ሊፈትናት ከማሽኑ ጋር አወዳደራት፤ የተሳሳተው ማሽኑ ሆኖ ተገኘ።

ይህን ወሬ ከፋብሪካ አውጥቶ ሰፈር ያደረሰው አንድ የአሳንሰር ጠጋኝ ነው። የፋብሪካውን የዕቃ አሳንሰር ሊሠራ መጥቶ የሦስት ቀኑን ሥራ ሦስት ሳምንት አስረዘመው። አሳንሰሩ ሲድን እሱ ታመመ፤ መድኃኒቱም እሷው ሆነች። ተጋቡ።

ወደ አዲሱ ቤታቸው ይዞት የገባው ጓዝ አንድ ሻንጣ ልብስና አራት ካርቶን ሽቦ ነበር።

«ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?» አለችው።

«ሬዲዮ።»

«ሬዲዮማ አለን እኮ።»

«ያ የሚሰማ ነው። ይሄ የሚናገር ነው።»

ለካስ ሰውየው ከእሷ በፊት ሌላ ፍቅር ነበረው። አማተር ሬዲዮ ይሉታል። ፈቃድ አውጥተው፣ መንግሥት የጥሪ ስም ሰጥቷቸው፣ ማሰራጫቸውን በገዛ እጃቸው ሠርተው በአየር ላይ የሚያወጉ ሰዎች ናቸው። ለትርፍ አይደለም፣ ለዜናም አይደለም፤ እንዲያው ለወሬ። ፈቃዱን በመስታወት አስገብቶ ከሠርጋቸው ፎቶ በላይ ሰቀለው። እሷም ምንም ሳትናገር በማግስቱ ቦታ አቀያየረቻቸው።

ማሰራጫውን የሠራው ከተጣለ የአሳንሰር መቆጣጠሪያ ሣጥን ውስጥ ነው። ግራጫ ብረት ነው፣ ትከሻዋ ድረስ ይደርሳል፣ ቀይ መብራቱም እስከ ዛሬ አለ። ውስጡ ቫልቭ የሚሏቸው የብርጭቆ አምፖሎች ተደርድረዋል። ሲበራ ወዲያው አይናገርም፤ መሞቅ አለበት። አምፖሎቹ ቀስ በቀስ ብርቱካን ይመስላሉ፤ አንደኛው ብቻ ወይን ጠጅ ሆኖ ይበራል። ክፍሉም የሞቀ አቧራና የቫርኒሽ ሽታ ይሸታል። ጎረቤት በመጣ ቁጥር፣ «ይሄ አሳንሰር ስንተኛ ፎቅ ያደርሳል?» ይላል። እሱም፣ «እንደ አየሩ ነው» ይላል።

እሷ ግን ፈራችው። ውስጡ ያለው ኤሌክትሪክ ሰው እንደሚገድል ራሱ ነው የነገራት። ስለዚህ በቤቱ አንድ ሕግ ወጣ። እሱ ሣጥኑን ከፍቶ እጁን በሚሰድበት ጊዜ ሁሉ እሷ ወንበር ስባ፣ የተነቀለውን ሶኬት ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች።

«ተነቅሏል?» ይላታል።

«እጄ ላይ ነው» ትለዋለች።

ይህን ካልሰማ እጁን አያስገባም። ሽንኩርት እየላጠችም ቢሆን፣ ልጅ እያጠባችም ቢሆን፣ ሶኬቱ ጭኗ ላይ ነው። ተኳርፈው ሰላምታ በተነፋፈጉ ሰሞን እንኳ እነዚህን ሁለት ቃላት አልተነፋፈጉም።

ልጃቸው ዓመት ከሁለት ወር ሲሆናት እሱ ድምፅን ወደ አየር የሚያሸጋግረውን ትልቁን ትራንስፎርመር ራሱ ሊሠራ ተነሣ። ትራንስፎርመር ማለት በብረት ልብ ዙሪያ የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ ነው። ሽቦው እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፤ ዙሩ ከበዛም ካነሰም ድምፁ ይበላሻል። ሦስት ሌሊት አስልቶ የውጪው ጥቅል አንድ ሺህ ስድስት መቶ ዙር እንዲሆን ወሰነ። የእጅ መሰርሰሪያ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አሰረና መጠምጠሚያ አደረገው።

«ቆጣሪ ልግጠምለት እንዴ?» ሲላት፣

«እኔ እያለሁ ምን ያደርግልሃል?» አለች። ኩራት ነበራት በዚያን ጊዜ።

እሱ ሥራ ሲሄድ እሷ ትጠመጥማለች። መቶ ዙር በሞላ ቁጥር አንድ አዝራር ስኒ ውስጥ ትጥላለች። አሥራ ሦስተኛውን ጥላለች፣ ምናልባትም አሥራ አራተኛውን። ቀና ስትል ልጅቷ የወንበሩን እግር ለቃ ቆማለች። ቆማም አልቀረች፤ ተራመደች! ሁለቱን እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ፣ እንደ ተማረከ ወታደር፣ ዓይኗን ስኒው ላይ ተክላ መጣች። ደርሳም ስኒውን ገለበጠችው። አዝራሮቹ ከአልጋው ሥር፣ ከቁምሣጥኑ ሥር ተበተኑ፤ አንዱን ከአፏ ውስጥ በጣቷ ነው ያወጣችው። እናት ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ ልጇን ትስማለች። ወደ ጠረጴዛው ስትመለስ ቁጥሩ የለም። ከራሷም ከስኒውም ጠፍቷል።

በሕይወቷ ቁጥር የጠፋት ያኔ ብቻ ነው። የቀረውን በዓይኗ ገምታ ጠመጠመች፤ ጥቅሉ የሞላ ሲመስላት አቆመች።

ባሏ ሲገባ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ፣ «ስንት ሆነ?» አለ።

«አንድ ሺህ ስድስት መቶ።»

ወዲያው ደብተሩን አውጥቶ በቀይ እስክሪብቶ ጻፈው። አፏን ልትከፍት ስትል ልጅቷ ወንበሯን ለቃ ወደ አባቷ ተራመደች። ሰውየው አበደ! ልጁን ታቅፎ ደረጃ ለደረጃ እየሮጠ የጎረቤቱን በር ሁሉ አንኳኳ። «ሄደች! ዛሬ! እኔ ፊት!» ይላል። አሁን ይህን ሰው እንዴት ብላ፣ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል፣ ልጅህም ቀድማ ሄዳለች፣ ትበለው? ዋጠችው። ነገ እነግረዋለሁ አለች። ነገ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነ።

ጉዱ ደግሞ ድምፁ ማማሩ ነው። በየቅዳሜው ጠዋት አራት ሰዓት የሚያወጉት ስድስት ሰዎች ናቸው፤ ከሁሉም የሚቀርበው የወደቡ ሰው ነው። ወደብ ላይ ክሬን ያንቀሳቅስ የነበረ ነው፤ ከባሏ ጋር በአካል ተያይተው አያውቁም፣ በድምፅ ግን ወንድማማች ሆነዋል። በአዲሱ ትራንስፎርመር መጀመሪያ የተናገረ ዕለት የወደቡ ሰው፣ «ወንድሜ፣ ከጎኔ ወንበር ስበህ የተቀመጥክ እኮ ነው የመሰለኝ!» አለ።

«ስሌት ነው!» አለ ባሏ። «አንድ ሺህ ስድስት መቶ። አንድ አልበለጠ፣ አንድ አልጎደለ።»

ሌሎቹም ቁጥሩን ተቀብለው የየራሳቸውን ጠመጠሙ። የእነሱ ድምፅ ቀጥኖ፣ አፍንጫ አፍንጫ ብሎ ወጣ። ባሏም ያዝንላቸዋል። «ቁጥሩን ሰጠኋቸው፤ ያንቺን እጅ ከየት ላምጣላቸው?» ይላታል። እሷ ዓይኗን ወደ ሹራቧ ትጥላለች።

ዘመኑ ሄደ። ልጅቷ አድጋ ሌላ ከተማ የራሷን ቤት መሠረተች። ሰውየው ጡረታ ወጣ፤ እጁም መንቀጥቀጥ ጀመረ። የወደቡ ሰው የዓይኑ ብርሃን ሄደበት። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜን የሚጠብቀው እንደ ልጅ ነው፤ «በዓይኔ የቀረብኝን በጆሮዬ እየለቀምኩ ነው» ይላል።

አንድ ቅዳሜ ወሬ መሐል የቃጠሎ ሽታ መጣ፤ ወዲያው ድምፁ ተቆረጠ። እሷ ሶኬቱን ነቅላ ጭኗ ላይ አደረገች። እሱም ሣጥኑን ከፍቶ አየና፣ «የውጪው ጥቅል ነው። ያንቺው ነው የተቃጠለው» አለ።

ሦስት ቅዳሜ ከአየር ላይ ጠፉ። በስልክ ቢደውልለት የወደቡ ሰው አኮረፈ። «ስልክማ ያፍንሃል፤ ሌላ ሰው ነው የምትመስለኝ። ወንበርህን ይዘህ ና!» አለው። ልጃቸው ትንሽ አዲስ ማሰራጫ ልግዛልህ ብትለው፣ «ከእሱ ውስጥ የሚያወራ ሰው አሳንሰር የቆመበት ይመስላል፤ እኔ ደግሞ የቆሙ አሳንሰሮችን አውቃለሁ» ብሎ እምቢ አለ። አዲስ የመዳብ ሽቦ አስመጣ።

ሽቦው በመጣ ዕለት ጠዋት የተቃጠለውን ጥቅል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ደብተሩንም ቀይ ቁጥሩ ላይ ከፍቶ አጠገቡ አደረገ። ከዚያ ወፍራሙን ቢላ አነሣ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ገሽልጬ ልጣለዋ። ቁጥሩ እንደሆነ ደብተሩ ላይ አለ። አንቺ እንደ ድሮሽ ትጠመጥሚያለሽ።»

ቢላው አንዴ ካረፈበት ማንም ምንጊዜም አያውቅባትም። ሽቦው ተቆራርጦ ይጣላል፣ ስሟም እንደተከበረ ይኖራል። ግን አንድ ሺህ ስድስት መቶ ዙር ብትጠመጥም ድምፁ እንደ ሌሎቹ እንደሚቀጥን አወቀች። የዓይኑ ብርሃን የጠፋው ወዳጃቸው ባሏን በድምፁ አይለየውም። ባሏ ደግሞ ስሌቱን አይጠረጥርም። የሚንቀጠቀጠውን እጁን አይቶ፣ አረጀሁ፣ በቃኝ ብሎ ሣጥኑን ይዘጋዋል። እሱን ማየት አልቻለችም።

«ቆይ እስቲ፣ አትቁረጠው» አለች።

«ምነው?»

«ቁጥሩ ልክ አይደለም። ያኔ ጠፍቶብኝ ነበር። ገምቼ ነው የነገርኩህ።»

ቢላውን አየ፣ ደብተሩን አየ፣ እሷን አየ። «አንቺ? ቁጥር? ጠፋብሽ?»

«ልጅቷ ተነሥታ መጣችብኛ!»

«ከየት?»

«ከወንበሩ ነዋ! በእግሯ! ስኒውን ልትገለብጥ! እኔ ምን ላድርግ፣ ልጄ ስትራመድ ሽቦ ልቁጠር?»

ቀስ ብሎ፣ «መቼ ነው ይሄ?» አለ።

«ያን ቀን፣ ከሰዓት በኋላ።»

«ማታ አይደለም እንዴ የተራመደችው? እኔ ፊት?»

አዬ! ለአንዱ ጥፋቷ አፏን ስታዘጋጅ ሌላውን ረስታው ኖሯል።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ!» አለ ቢላውን አስቀምጦ። «ለጎረቤት ያወራሁት፣ በሠርጓ ቀን ቆሜ የተናገርኩት፣ ሁለተኛውን ነው በይኛ!»

ወጥቶ በረንዳው ላይ ጀርባውን ሰጥቷት ተቀመጠ። አልተከተለችውም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጥቅል እያየች፣ ስለ ሽቦው አንዲት ቃል እንኳ እንዳልተናገራት ታሰላስል ጀመር። እሱ የተቆጣው ስለ ልጅቷ እርምጃ ነው።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ።

«ስንት እርምጃ ሄደች?»

«አራት።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እሱንማ ቆጥሬዋለሁ!»

ወንበሩን ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። «በይ ንገሪኝ» አለ። «እጇን እንዴት አድርጋ ነበር?»

እሱ የተቃጠለውን ሽቦ ቀስ እያለ ይፈታል፣ እሷ ትቆጥራለች። በየመቶው አዝራር ስኒው ውስጥ ኳ ይላል፤ አዝራር በወደቀ ቁጥር ቆም ብላ ትንሽ ትንሽ ትነግረዋለች። እጆቿን እንዴት እንደዘረጋች፣ ሦስተኛው እርምጃ ላይ እንዴት እንደተንገዳገደች፣ አዝራሩን ላለመስጠት አፏን እንዴት እንደገጠመች። ሽቦው ሁለት ቦታ ተበጠሰ፤ ጫፉን ፈልገው ቀጠሉ። ምሳ ሰዓት አለፈ። ሲያልቅ አንድ ሺህ አራት መቶ ሰባ ሦስት ሆነ።

«መቶ ሃያ ሰባት ጎደለሽ!» አለ። «እኔ ደግሞ ለእነዚያ ምስኪኖች የተሳሳተ ቁጥር ሰጥቼ እጃቸውን ስወቅስ ኖሬያለሁ።» ደብተሩ ላይ የድሮውን ቁጥር ሰርዞ አዲሱን ጻፈ። ከሥሩ ደግሞ በዚያው በሚንቀጠቀጥ እጁ፣ «ከሰዓት በኋላ፣ አራት እርምጃ» ብሎ ጨመረበት።

ሁለት ቀን ጠመጠመች፤ መነጽሯን አድርጋ፣ ስልኳን አጥፍታ። ሊጠይቃት ሲመጣ፣ «ውጣ! ደግሞ አንተም ተራምደህ እንዳታሳስተኝ» ብላ አባረረችው።

ቅዳሜ ጠዋት አምፖሎቹ ብርቱካን እስኪመስሉ ጠበቁ። አራት ሰዓት ላይ የጥሪ ስሙን ተናገረና ሲያወራ የሚጫነውን ቁልፍ ለቀቀ። ጥቂት የአየር ሹክሹክታ ብቻ ተሰማ። እሷ ትንፋሿን ይዛለች።

«መጣህ!» አለ የወደቡ ሰው። «መጣህ ወንድሜ! ሳብ፣ ወንበርህን ሳብ አድርገህ ተቀመጥ!»

ባሏ ወንበሩን ወደ ማይክሮፎኑ ሳብ አደረገ። ከዚያ ሁሉንም ነገራቸው። ስሌቱ ስሌት እንዳልነበረ፣ የሚያደንቁት ድምፅ የሚስቱ ስህተት እንደሆነ፣ ትክክለኛውንም ቁጥር አስጻፋቸው። ከሁሉም አቅጣጫ ሳቅ ፈነዳ። አንደኛው፣ «ታዲያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአፍንጫዬ ያስወራኸኝ አንተ ነሃ!» አለ።

የወደቡ ሰው ግን፣ «እትዬ አጠገብህ ናቸው?» ብሎ ጠየቀ። «ድምፃቸውን ሰምቼ አላውቅም እኮ። እስቲ አንድ ቃል ይበሉን።»

በነዚያ ዓመታት ሁሉ የማይክሮፎኑን አቧራ ጠርጋ ታውቃለች እንጂ ተናግራበት አታውቅም። ባሏ ወደ እሷ ገፋ አደረገላትና ቁልፉን ራሱ ያዘላት። ምን ትበል? እሱ ማሰራጫውን ሲሞክር የሚለው ትዝ አላትና ጀመረች።

«አንድ» አለች። «ሁለት። ሦስት።»

ማንም አላቋረጣትም። ድምፅዋ እየጠራ ሄደ፤ የአምፖሎቹም ብርሃን በድምፅዋ ልክ ከፍ ዝቅ ሲል አየችው። አሥር አለች፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት። ባሏ ቁልፉን እንደያዘ አንገቱን ሰበር አድርጎ ያዳምጣታል።

«አሥራ ሦስት። አሥራ አራት» አለችና ቆመች። «እዚህ ላይ ነው ልጄ የተራመደችው።»