ክዳኖቹን የዘጋሁ ዕለት

በርበሬ በረንዳ ገበያ ሠላሳ ዓመት በርበሬ ስሸጥ በአንድ ነገር እታወቃለሁ፤ ሚዛን ሲዛባ ዝም አልልም። የጎረቤቴ ይሁን የራሴ ግድ የለኝም። ጣቱን ሚዛን ላይ የሚያሳርፍ ነጋዴ ካየሁ፣ ገዢው ሳይነቃ እኔ እጮሃለሁ። የዚያን ሐሙስ ታሪክ ለመጻፍ ይህን ያህል ዓመት የፈጀብኝም ለዚህ ነው።

የልጅ ልጄን ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ገና ሳትድህ እናቷ ስለሞተችባት «እማዬ» የምትለው እኔን ነው፤ እኔም ልጄ እላታለሁ። የበርበሬ ጆንያ ላይ እየተኛች ያደገች ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ሁለተኛ ዲግሪዋን ጀመረች፣ ከዚያ «ሳንባ ነው የማጠናው» አለችኝ።

«የማንን ሳንባ?» አልኳት።

«ያንቺን» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። በርበሬ የምንቀነጥስና የምንሸጥ ሴቶች ስናስል ውለን ስናስል ነው የምንገባው። ለጥናቷ ከራሴ ጆንያ በርበሬ ዘግና ስትወስድ ደግሞ የባሰ ፈራሁ። ስለዚህ እስኪገባኝ ድረስ እንድታስረዳኝ ያዝኳት። እኔ የተማርኩት መሠረተ ትምህርት ነው፤ እሷም እንደ አቅሜ ነገረችኝ።

«የሳንባ ሕዋስ በፕላስቲክ ሳህን አሳድጋለሁ፣ እማዬ። የበርበሬው ብናኝ ሲደርስበት ሕዋሱ ‹ተቃጠልን፣ ድረሱልን› የሚል ጽሑፍ ይጽፋል። ጽሑፉ መልእክተኛ አርኤንኤ ይባላል። እኔ በመድኃኒት አዲስ መጻፉን አስቆመዋለሁ። ከዚያ በየሁለት ሰዓቱ ጽሑፉን ወደ ትንንሽ ብልቃጥ እያወጣሁ፣ የተጻፈው ምን ያህል እንደቀረ እለካለሁ።»

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«ቶሎ ከጠፋ ሳንባው ያርፋል። ካልጠፋ ግን፣ በርበሬው ከሄደም በኋላ እየጮኸ ይቀመጣል።»

ይህ ገባኝ። ሱቄን ዘግቼ፣ ገላዬን ታጥቤ፣ ንጹሕ አየር ላይ ተቀምጬ እንኳ ደረቴ ውስጥ የማይተኛ ነገር አለ።

ሥራውን ሦስት ጊዜ መድገም ነበረባት። ሁለቱ አልቆ ሦስተኛው ያን ሐሙስ ሊያልቅ ነው። መድኃኒቱ ከውጭ የመጣ ነው፤ ለሌላ ሙከራ ጠብታ አልቀረም። ቀኑን ሙሉ ሰዓት ስትጠብቅ እንደማትበላ ስለማውቅ ምሳ ዕቃ ይዤ ወደ ቤተ ሙከራዋ ሄድኩ። የሰኔ ዝናብ ደብድቦኝ ስደርስ አሳዘንኳትና ውጭ አላስቀመጠችኝም። በሩ አጠገብ ወንበር ሰጠችኝ።

«ከዚህ ወንበር እንዳትነሺ። ዶክተሩን ጠርቼ መጣሁ።»

ዶክተሩ አስተማሪዋ ነው። እሷ ስትወጣ ጽዳት የምትሠራው ሴት ገባች፣ ወለሉን ወለወለች፣ ባልዲዋን በሩ ላይ ትታ ወጣች። እኔ ብቻዬን ቀረሁ።

ጠረጴዛው ላይ ከጣት የሚያንሱ የፕላስቲክ ብልቃጦች ተደርድረዋል፤ ሁሉም አፋቸው ክፍት ነው። አየኋቸው። ዓይኔን መለስኩ። እንደገና አየኋቸው። ክፍት የተተወ ቅመም ይነፍስበታል፤ ይህን በርበሬ በረንዳ ውስጥ የማያውቅ የለም። ልጄ በጥድፊያ ረስታው ነው አልኩ። ተነስቼ አንድ በአንድ በአውራ ጣቴ ጫን ጫን እያደረግሁ ዘጋኋቸው። አንዷ እምቢ ስትለኝ የክዳኗን ውስጥ በጣቴ ጠረግ አደረግሁና መልሼ ዘጋኋት። ወንበሬ ላይ ስመለስ እንደ ጠቀምኳት ቆጥሬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ልጄ ከዶክተሩ ጋር ገባች። ጠረጴዛው ጋ ስትደርስ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ማነው የዘጋው? እንዲደርቅ ብዬ ነው ክፍት የተውኩት!»

«በጓንት ነው የተነካው?» አለ ዶክተሩ። «በባዶ እጅ ከሆነ አለቀ። እጃችን ላይ ያለው ነገር አርኤንኤውን ይበላዋል።»

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። «እማዬ፣ አንቺ ነክተሻል?»

እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅሁ። «እኔ ከወንበሬ መች ተነሳሁ!» አልኩ። ቁጣ እንኳ ጨመርኩበት። ድምፄን ስሰማው የሌላ ሰው መሰለኝ።

ዶክተሩ ባልዲውን አየ። ሴትየዋ ተጠራች። ሌሎች ተማሪዎችም ጩኸቱን ሰምተው በሩ ላይ ቆሙ።

«እኔ ወለል ብቻ ነው የወለወልኩት፣ ዶክተር። በልጆቼ እምላለሁ።»

«ታዲያ ማን ገባ?»

ሴትየዋ አየችኝ። እኔ ምሳ ዕቃውን አየሁ። ዶክተሩ ሰኞ ሌላ ሰው እንዲላክለት ለቀጣሪዎቿ እንደሚናገር ነገራት፣ ወጣ።

ዓርብ ሱቄ ተቀመጥኩ። ባልዲ የያዘች ሴት ባለፈች ቁጥር ፊቴን ወደ ጆንያው አዞራለሁ። ጎረቤቴ ቅመም የሚሸጥ ሰው ነው፤ ሃያ ዓመት ስንጨቃጨቅ ኖረናል። ዝምታዬ አስጨንቆት፣ ገዢው ፊት ሆን ብሎ ጣቱን ሚዛኑ ላይ አሳረፈ።

«አንቺ ሴትዮ! እየሰረቅሁ ነው፣ አይታይሽም?»

በርበሬዬን መቀንጠስ ቀጠልኩ።

«ወላሂ ታመሻል! ሐኪም ቤት ልውሰድሽ?»

ገዢው ደነገጠ። «ጋሼ፣ እየቀለዱ ነው ወይስ እውነት ነው? እንደገና ይመዝኑልኝ!» አለ። በረንዳው ሁሉ ሳቀ። እኔን ላብ አጠመቀኝ።

ሐሙስ ማታ እውነቱ አፌ ላይ ነበር፤ ልጄ በር ከፍታ ስትገባ ልናገረው ጥቂት ነበር የቀረኝ። ዓርብ ወደ ጉሮሮዬ ወረደ። ቅዳሜ ደግሞ ምክንያት ስደረድር ራሴን ያዝኩት፤ ሴትየዋ ወጣት ናት፣ ሌላ ሥራ አታጣም፤ ማን ያውቃል፣ እሷም ነክታ ይሆናል። ይህን የመጨረሻውን ሳስብ ቀጥ አልኩ። አንድ ቀን ብቆይ እኔው ራሴ ላምነው ነው።

እሑድ ከቀትር በኋላ ልጄ ልብስ ስታጥብ ሄጄ ፊቷ ቆምኩ።

«እኔ ነኝ የዘጋሁት» አልኳት።

እጇ ሳሙናው ውስጥ ቆመ። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እጇን በቀሚሷ አደረቀች፣ ሞባይሏን አወጣችና ፎቶ አሳየችኝ። ነጭ ክዳን ነው። ጠርዙ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር አለ። በርበሬ።

«ዓርብ ጠዋት ነው ያየሁት» አለችኝ።

«አውቀሽ ነው? ሴትየዋ ልትባረር ነው እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንቺ ዝም ስላልሽ።»

እስከዚያ የፈራሁት ዶክተሩን፣ የልጄን ፊት፣ የሰው ሳቅ ነበር። ያን ጊዜ የያዘኝ ፍርሃት ግን ሌላ ነው። የልብሱ ሳፋ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እኔ ስሞት ከእኔ የምትወስደው ይህን ይሆን? ሠላሳ ዓመት የጮህኩበት ሚዛን ቀርቶ፣ የአንድ ሐሙስ ዝምታዬን?

ሰኞ በጠዋት ሁለታችን ከሲኒማ ራስ ታክሲ ያዝን። አንዲት ቃል አልተነጋገርንም። ስንደርስ ሴትየዋ የሥራ ጋወኗን አጣጥፋ ዶክተሩ ቢሮ በር ላይ ቆማለች። ሳያት ልመለስ አሰብኩ፤ እውነቱን ነው። ልጄ ክንዴን ያዘችኝ፤ ልትደግፈኝ ይሁን እንዳልሸሽ አላወቅሁም።

«ዶክተር፣ ክዳኖቹን የዘጋሁት እኔ ነኝ። በዚህ እጄ።»

ልጄ ፎቶውን አሳየችው። «እኔም ከዓርብ ጀምሮ አውቅ ነበር» አለች።

ዶክተሩ ፎቶውን አይቶ ወደ እኔ ዞረ። «እናቴ፣ ያኔውኑ ለምን አልነገሩኝም?»

«ፈርቼ።»

«ይህች ሴት እኮ ልትባረር ነበር።»

«አውቃለሁ። እርስዎም ሳያጣሩ ነው የከሰሷት፣ ያውም ሰው ፊት። ሰው ፊት ይቅርታ ይጠይቋት። እኔም እጠይቃታለሁ።» ይህን ስል ድምፄ የራሴ ሆኖልኝ ነበር።

ተማሪዎቹ ተጠሩ። ዶክተሩ አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ጠየቃት። እኔ ጉልበቷን ልይዝ ስል ሴትየዋ ወደኋላ አለች።

«ይተዉ፣ እትዬ። አራት ቀን ሙሉ ልጆቼን ምን ብዬ እንደምነግራቸው ሳስብ ነበር። አራት ቀን።» ከዚያ ጋወኗን ዘርግታ ለበሰችው። ምንም አይደለም አላለችኝም። እኔም እንድትለኝ አልጠበቅሁም።

መድኃኒቱ እንደገና እስኪመጣ ልጄ ያን ዓመት ሳትመረቅ ቀረች። እኔም ክፍሉ ውስጥ መግባት ተከለከልኩ፤ ፍርዱ ልክ ነው። ምሳ ማድረሴን ግን አልተውኩም። ምሳ ዕቃውን በሩ ላይ የምትቀበለኝ ያችው ሴት ናት። ከመቀበሏ በፊት «እጅዎን ያሳዩኝ፣ እትዬ» ትላለች። ሁለቱንም ዘርግቼ አሳያታለሁ። ገልብጣ ታያቸዋለች፣ አትቸኩልም። አይታ እስክትጨርስ እጄን አልሰበስብም።