ይማም ያልነበረበት ቅዳሜ

ያን ቀን የሠራሁትን አንድ ጅልነት ሸዋ ሮቢት ውስጥ የማያውቅ እኩያ የለኝም። የሙዚቃ ባንዱ ከአዲስ አበባ መጥቶ በሆቴሉ ግቢ በተጫወተበት ቅዳሜ፣ ድንጋይ በሚሰነጥቅ የቆላ ፀሐይ፣ ከአጎቴ የተዋስኩትን የሱፍ ካፖርት ለብሼ ሄድኩ። ለጣርማ በር ብርድ የተሰፋ ካፖርት ነው። ሆቴሉ በር ላይ በተለጠፈው ፎቶ ዘፋኙ ካፖርት ደርቦ አይቼ፣ እሱን የምመስል መስሎኝ ነበር። የመሰልኩት ወንዝ የገባ በግ ነው። ላቤ ጫማዬ ድረስ ወረደ። ይኸው እስከ ዛሬ «ባለ ካፖርቱ» እባላለሁ፤ እኔም ላገኘሁት ሁሉ ራሴ እየተረክሁ አስቃለሁ።

ያን ታሪክ የምወደው ሌላውን ስለሚሸፍንልኝ ነው። ሌላውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴ ስንት ጊዜ ስለ ምላሴና ስለ ሆዴ ስናዘዝ፣ እዚህች ላይ ስደርስ እንደ ቦይ እዘላታለሁ። እንግዲህ የምታነቡት እናንተ ስሙኝ። ሰው ዶሮ ይሰርቃል፣ በግ ይሰርቃል። እኔ የሰው ቅዳሜ ሰርቄያለሁ።

የሰረቅኩት የይማምን ቅዳሜ ነው። ይማም የእርሻ ጎረቤቴ ነው። ማሳችን ከወንዙ በተጠለፈ በአንድ ቦይ ይጠጣል፤ ውሃው ደግሞ በተራ ነው። የውሃ አባቱ ቀንህን ይነግርሃል። በተራህ ዶማህን ይዘህ ቦዩ ራስ ላይ ካልተገኘህ ውሃው አልፎህ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ተራው ዞሮ እስኪመጣ ሽንኩርትህን ፀሐይ ይጨርሰዋል።

የባንዱን ፍቅር ያመጣብኝ ይማም ነው። አንዲት ሬዲዮ ነበረችው። ከጭቃ እንድትርቅ ግራሩ ላይ ይሰቅላትና፣ እየኮተኮትን ጊታሩ ሲጮህ ክንዴን ጭምድድ አድርጎ ይዞ «ይቺን ስማ፣ ይቺን ስማ» ይለኛል። እኔ መጀመሪያ ድመቶች የተጣሉ ነበር የመሰለኝ። ወፍራሙን ጊታር ከቀጭኑ፣ ኦርጋኑን ከሰው ድምፅ እንድለይ ያደረገኝ እሱ ነው። ጆሮ ነበረኝ፤ የከፈተልኝ ግን ይማም ነው። ዛሬም ሙዚቃ ስሰማ መጀመሪያ የማመሰግነው እሱን ነው። ታዲያ ጆሮዬን ለከፈተልኝ ሰው ምን መለስኩለት?

ያ ቅዳሜ የኔ የውሃ ተራ ነበር። ባንዱ ይመጣል የተባለውን ላጣራ ጠዋት ከተማ ወርጄ ስሰማ፣ ወደ ደሴ ሲያልፍ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሊጫወት ነው። ማሳው ዘንድ ብቆም ባንዱ ሊያመልጠኝ፣ ባንዱ ዘንድ ብሄድ ሽንኩርቴ ሊደርቅ። ሁለቱንም ፈለግሁ። ሮጬ ተመለስኩ። ይማም ገና ከሩቅ «ምን ሰማህ? መቼ ነው አሉ?» አለኝ።

«ነገ ነው። እሁድ» አልኩት።

ይህ ከአፌ ሲወጣ አላደናቀፈኝም። ቀጠልኩና፣ እናቴን አሟታልና ተራዬን ጠብቅልኝ አልኩት። እናቴ ያን ሰዓት በአንዲት ዶሮ ከጎረቤት ተጣልታ ድምጿ ሰፈሩን አልፎ ይሰማ ነበር። ይማም ምንም አልጠየቀኝም። ዶማውን አነሣና «ሂድ፣ አላህ ያሽርልህ» አለኝ። ማሳችን ከጉብታው ጀርባ ስለሆነ የጊታር ድምፅ አይደርሰውም። ይህንንም አስቤበት ነበር። ጅል ነኝ ብያችኋለሁ፤ ለክፋት ግን ጅል አልነበርኩም።

ሙዚቃውን እንዴት ልንገራችሁ? የድምፅ ማጉያዎቹ ቁም ሳጥን ያክላሉ። ወፍራሙ ጊታር ሲመታ የግቢው ቆርቆሮ አጥር አብሮ ይንቀጠቀጥና ምስማሩ እየተፈናጠረ ይወድቃል። መንገድ ላይ የጭነት መኪኖች ቆሙ፤ ሾፌሮቹ ጆንያ ላይ ወጥተው በአጥሩ አናት ያያሉ። አፍሮ ያበጠረው ጊታሪስት አቧራው ላይ በጉልበቱ ተንበረከከና አንዲቷን ድምፅ ይዞ አልለቅም አለ። የኛ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ ማየት አያውቅም፤ ጭብጨባውን ጀመረ፣ ባንዱም ወደ ጭብጨባችን መጣልን። አልሞት ብዬ ነው እንጂ ያን ቀን ነፍሴ ወጥታ ነበር። እግዜር ይስጣቸው እላለሁ። የትም ይሁኑ፣ በሕይወትም ይኑሩ አይኑሩ፣ እግዜር ይስጣቸው።

ግን ጊታሩ በጮኸ ቁጥር የሚጨመድደኝ እጅ ፈለግሁ። አንዴ የማላውቀውን ሰው ክንድ ያዝኩና «ይቺን ስማ» አልኩት። ሰውየው «ልቀቀኝ፣ ካፖርትህ እያራሰኝ ነው» አለኝ።

እሁድ ይማም መጣ። ነጭ ሸሚዙን አጥቦ፣ ፀጉሩን አበጥሮ። ግቢው ውስጥ ያገኘው የለስላሳ ቆርኪ የሚጠርግ ሰው ነው። እኔም በሩ ላይ ደረስኩና «ቀኑን ለወጡት እኮ፤ እኔም ለእናቴ መድኃኒት ልገዛ ስወርድ ነው የደረስኩበት» አልኩት። ቆርኪዎቹን ሲያይ ቆየ። «ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው» አለና ወደኔ ዞረ። «ይልቅ እናትህ እንዴት አደሩ?»

ደህና አደሩ አልኩ። ምን እል ነበር?

ከዚያ ዘመኑ ተለዋወጠ፤ ባንዱም ተበተነ። ዳግም አልመጣም። እኔ ዕዳዬን በወሬ ልክፈል ብዬ፣ ስንኮተኩትም ስንለቅምም ለይማም ያን ቀን እነግረው ጀመር። ይጠይቀኛል፣ እመልሳለሁ። ጊታሪስቱ በየትኛው ጉልበቱ ተንበረከከ? ኦርጋኑ ምን ዓይነት ቀለም ነበረው? መጀመሪያ ለሰው ሲያወራ «አሉ» ይል ነበር። እያደር «አሉ» ቀረች። ኋላ «እኛ» አለ። ከኔ አሳምሮ ነው የሚያወራው፤ እኔ ካፖርቴ ላይ ስደርስ እስታለሁ፣ እሱ አይስትም።

በቅርቡ ስለ ድሮ ባንዶች የምትጽፍ ልጅ ከአዲስ አበባ መጣችልን። ከባጃጅ ተራው አጠገብ ባለው ሻይ ቤት ያን ቅዳሜ ያየን ሽማግሌዎች ተሰበሰብን። ይማም አወራ፤ ሁሉም ጸጥ አለ። ልጅቷ ደስ ብሏት «ጋሼ ይማም፣ እርስዎ የት ጋ ቆመው ነበር?» አለችው።

ያኔ የሆቴሉ አስተናጋጅ የነበረው ታደሰ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ይማምማ አልነበረም። በማግስቱ ሸሚዙን አጥቦ መጥቶ ስንስቅበት አልነበር እንዴ?»

የይማም ጆሮ ቀላ። መስጊድ ውስጥ የታመነ፣ የሰው ጠብ የሚያስታርቅ ሽማግሌ፣ በአንዲት ልጅ ፊት ቀጣፊ ሊባል ነው። ዐይኑን ወደኔ አላመጣም። ማን መናገር ነበረበት? እኔ። እውነቱ ያለው እኔ ዘንድ አይደለም ወይ?

«ነበረ እንጂ» አልኩ። «እኔው አጠገብ ነበር። ካፖርቴ ከልሎት ነው ያላየኸው።»

ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ታደሰም ሳቀ፤ ወሬው አለፈ። ለዚያኛው ውሸት ይቅርታ አልጠይቅም፤ ደግሜም እዋሸዋለሁ። ለፊተኞቹ ነው እንጂ።

ወደ ቤት ስንመለስ ይማም ባጃጅ ውስጥ እጄን ያዘኝ። «ወላሂ ልዋሽ ብዬ አይደለም፤ ስትነግረኝ ስትነግረኝ የራሴ መሰለኝ» አለ። «ስሜን አተረፍክልኝ። አላህ ካንተ ጋር ያጎራበተኝ ወዶኝ ነው።»

አመሰገነኝ። ቅዳሜውን የሰረቅኩትን እኔን። እሳት ቢጨምሩብኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ጊዜም አልነገርኩትም፤ ጉልበቴን አመመኝ ብዬ ወሬ ለወጥኩ።

ወጣት ነበርኩ አልልም። ይማምም ወጣት ነበር፤ ዶማውን አንሥቶ ሄደልኝ። ባንዱ አሳበደኝም አልልም፤ ከኔ ይልቅ የሚያብደው እሱ ነበር። ይህን ጽሑፍ ልጁ ዘሀራ ታነብለታለች፤ ዐይኑ ደክሟል። ይማም፣ ወንድሜ፣ እናንተ እንደምትሉት አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ። ባትለኝም አልከራከርም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። እኛ ዘንድ የተጠበቀልህን የውሃ ተራ በተራ ትመልሳለህ። ለህመምና ለሐዘን የተጠበቀ ብቻ አይመለስም፤ ነውር ነው። ያን ጊዜ ልመልስልህ ስል «ለእናት የተጠበቀ ውሃ ይመለሳል እንዴ?» ብለህ ተቆጣኸኝ። ይማም፣ እናቴ አልታመመችም ነበር። ስለዚህ አንድ ተራ ውሃ አለብኝ።