ያልሰመረ ስለት

ልጅ እያለሁ ቤታችን ውስጥ ከምሰሶው ላይ አንድ ጃንጥላ ተሰቅሎ ነበር። የዝናብ አልነበረም። ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ የተንጠለጠለበት፣ ለታቦት የሚያዝ የስለት ጃንጥላ ነበር፤ እናቴ ጢስ እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልላዋለች። አባቴ በታመመበት ዓመት በርበሬ ሸጣ ከቡሬ ገበያ ነው የገዛችው። እኛ ሰፈር በርበሬ ሲደርስ ግቢው ሁሉ ቀይ ይለብሳል፤ የተሰጣው ሲገላበጥ የማያስነጥስ ሰው የለም። አባቴማ ሲያስነጥስ ጎረቤት ይሰማዋል። እናቴ ካለችበት ሆና «ይማርህ» ትለዋለች፤ እሱም «ያኑርሽ» ይላታል። ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ሲባባሉ ይውላሉ። ለእኔ ይህ የመከር ወቅት ጨዋታ ነበር እንጂ ምርቃት መሆኑ አይታወቀኝም ነበር።

አባቴ ሆዱ እያበጠ የታመመው በርበሬው ከተሸጠ በኋላ ነው። ፍኖተ ሰላም ድረስ ወስደውት ታክሞ ተመለሰ፤ አልተሻለውም። እናቴ ታዲያ ለደብራችን ለሚካኤል «ለመጪው ኅዳር በእግሩ ካቆምህልኝ ጃንጥላ አገባለሁ» ብላ ተሳለች። ስለት የሚገባው ከሰመረ በኋላ ነው፤ እሷ ግን ከወዲሁ ገዝታ ሰቀለችው። ዘመዶቻችን «ልጁ ሳይወለድ ስም አወጣሽለት» እያሉ ይቀልዱባታል። እሷ ደግሞ «ሚካኤል አያሳፍረኝም» ትላለች። አባቴ መደቡ ላይ እንደተኛ ጃንጥላውን ቀና ብሎ ሲያየው ይውላል። አንድ ቀን «እስቲ ክፈችውና ልየው» አላት።

«ታቦቱ ሳያየው? ኋላ ቆመህ ታየዋለህ» አለችው። አባቴ ፈገግ አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ መውጫ መግቢያ ባሳጣን ሰሞን ሞተ። ጃንጥላው ላስቲኩን እንደለበሰ ምሰሶው ላይ ቀረ። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ «እግዜር የሚወደውን ይፈትናል» ይላታል። እናቴ ሰምታ ሰምታ፣ «እንግዲያ ትንሽ ቢጠላኝ ምን ነበረበት» አለች። ከዚያ በኋላ ስለ እግዜር ምንም አላለችም። ቤተ ክርስቲያን መሳም ተወች። እንዴት አደርሽ ሲሏት መልሷ «አለሁ» ብቻ ሆነ፤ ተመስገን የሚባል ነገር ከቤታችን ጠፋ።

በርበሬው ደርሶ ሲሰጣ አጠገቧ ሆኜ አስነጠስሁ። «ይማርሽ» አላለችኝም። አልሰማችኝ ይሆናል ብዬ ሆን ብዬ ደገምሁት። በርበሬውን ማገላበጧን ቀጠለች። ያን ጊዜ አባቴ ብቻ ሳይሆን እናቴም የሄደችብኝ መሰለኝ፤ ከቤቱ ጀርባ ሄጄ አለቀስሁ።

ኅዳር ሚካኤል ሲቃረብ የነፍስ አባታችን መምሬ ይግዛው መጡ። ሊቆጧት ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን ተቀምጠው ጃንጥላውን ቀና ብለው አዩትና፣ «ተቀይመሽዋል አሉ» አሏት።

«ተቀይሜዋለሁ፣ አባቴ።»

«እና የተቀየመ ሰው ቤቱ ይቀመጣል እንዴ? ደጁ ሄዶ በደልኸኝ ይላል እንጅ። ዝም ብሎ የሚቀረውማ ዝምድናውን የቆረጠ ነው።»

«ደጁ ሄጄስ ምን እላለሁ? ስለቴ አልሰመረ።»

«ይህንኑ ነዋ» አሉና የቀረበላቸውን ጠላ ጨልጠው ወጡ።

በበዓሉ ቀን እናቴ ጃንጥላውን ከነላስቲኩ ታቅፋ ከባለስለቶቹ መሐል ቆመች። እኔ ነጠላዋን ይዣለሁ። ስለት ተቀባዩ ዲያቆን በድምፅ ማጉያ የእያንዳንዱን ይናገራል፤ ልጅ የወለደች፣ የታመመ የዳነላት፣ የጠፋ በሬ የተገኘለት። በየመሐሉ እልልታ ነው። የእኛ ተራ ሲደርስ ዲያቆኑ «እናቴ፣ ምን ሰምሮልዎ ነው?» ብሎ ማጉያውን አስጠጋላት።

«አልሰመረልኝም» አለች እናቴ። ድምፅዋ በግቢው ሁሉ ተሰማ። «ባሌን አድንልኝ ብዬው ነበር። ባሌ ይኸው እዚያ ተኝቷል። ሚካኤልንም ጌታውንም ተቀይሜያለሁ። ቢሆንም ከእነሱ ሌላ የምቀየመው ዘመድ የለኝም፤ ያልሁትን አምጥቻለሁ።»

ላልሰመረ ስለት እልል ይባል አይባል የሚያውቅ አልነበረም። መምሬ ይግዛው ጃንጥላውን ተቀብለው ላስቲኩን ገፈፉ፤ ከፈቱትና ከታቦቱ በላይ ያዙት። ያ ቀይ ከፋይ በፀሐይ ሲታይ እንዲያ ያምራል ብዬ አላሰብሁም ነበር። ታቦቱ ቤተ ክርስቲያኑን ሲዞር በመቃብሮቹ በኩል ነው የሚያልፈው። እናቴ እየጎተተችኝ ቀድማ አባቴ መቃብር አጠገብ ደረሰች። ጃንጥላው ሲመጣ ወደ መሬቱ ጎንበስ ብላ፣ «እንካ፣ አሁን እየው» አለችው። ከዚያም ቀና ብላ እልል አለች። መጀመሪያ ብቻዋን ነበረች፤ በኋላ ሴቶቹ ተቀበሏት።

ቤት ስንገባ የበርበሬው ሽታ ተቀበለንና አስነጠስሁ።

«ይማርሽ» አለችኝ።

ዛሬ ፍኖተ ሰላም ነው የምኖረው። በርበሬ ተፈጭቶ በኪሎ እገዛለሁ፤ ግቢያችን ቀይ አይለብስም፤ ባስነጥስም ጎረቤቴ አይሰማኝም። በእናቴ ደብር የስለት ጃንጥላ በዝቷል። የእኛው ከፋዩ ወይቦ፣ ዘርፉ ረግፎ ዕቃ ቤት ገብቷል። ካቻምና የመጀመሪያ ልጄ ሳያለቅስ ተወለደ። ሰዎች እግዜር የሚወደውን ይፈትናል አሉኝ፤ እኔም እንዴት ነሽ ለሚለኝ ሁሉ አለሁ ማለት ጀመርሁ።

እናቴ ከቡሬ በአውቶቡስ አንድ ጆንያ ዛላ በርበሬ ይዛ መጣች። የሚወደውን ይፈትናል አላለችኝም። በርበሬውን ጠባቧ ግቢዬ ውስጥ አሰጣችና ታገላብጥ ጀመር። አስነጠሰች። ጥቂት ቆይታ፣ በዓይኗ ጥግ እያየችኝ ደገመች። ይህቺን ዘዴ አውቃታለሁ፤ የእኔው ናት።

«ይማርሽ፣ እማ» አልኋት።

«ያኑርሽ» አለችና በርበሬውን ማገላበጧን ቀጠለች።