የሀምዲያ ዊግ ኦዳ የዋለ ዕለት

ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል፣ አዲሱ አስፋልት ገብቶ ከባድ መኪኖቹ ሰውን አቧራ ማልበስ በተዉበት ሰሞን፣ የደመቀች ጸጉር ቤት ዋናው መንገድ ዳር ነበር። በቆርቆሮው ግድግዳ ላይ መደርደሪያ አለ፤ በመደርደሪያው ላይ የተደፉ ድስቶች፤ በድስቶቹ ላይ ለእጥበት የገቡ የከተማዋ ሴቶች ዊጎች። አንዱ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ አንዱ እንደ ጠቦት ይጠቀለላል፣ አንዱ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እንዳለው ሰማይ ይቀላል።

ደመቀች ዊግ ስታበጥር ከጫፍ ትጀምርና እያባበለች ወደ ሥሩ ትወጣለች። በቀዝቃዛ ውሃ ታጥበዋለች፣ ጥላ ላይ ታሰጣዋለች፣ እስኪደርቅ ታንጎራጉርለታለች፦

ሚዶ በጥርሶቹ ቆጥሮ ሲጠይቀኝ፣
ጠጉርስ ሞልቶኝ ነበር፣ ሰው ነው የጎደለኝ።

ዘፈኑ ግማሹ ውሸት ነው። ጠጉር አልሞላትም። መንግሥት በተለወጠ ዓመት ከወታደር አባቷ ጋር ድንበር የተሻገረች ጊዜ፣ በስደተኞች ሰፈር ለቅማል ተብሎ ሹሩባዋን ሸለቱት። መልሶ ሲያድግ ደግሞ ራሷ በማለስለሻ አቃጠለችው፤ ከግንባሯ በላይ ያለው ዝናብ እንደራቀው የሶሎሎ ሜዳ አለፍ አለፍ ብሎ ቀረ።

ስለዚህ የደንበኞቿን ዊግ አድርጋ ትውላለች። «ዊግ ራስ ካላገኘ ቅርጹን ይረሳል፤ እኔ እያስታወስኩት ነው» ትላለች ለኅሊናዋ። ኅሊናዋም ባለሙያ አይደለምና ያምናታል። ደንበኞቿ አብዛኞቹ ከሻሽ ሥር የሚያደርጉት ስለሆነ፣ መንገድ ላይ የማን የማን እንደሆነ የሚለይ አልነበረም።

ነገሩ የባሰው በጃርሶ ምክንያት ነው። ጃርሶ ከመንገዱ ማዶ የከባድ መኪና ጎማ የሚጠግን፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ቃል የሚቆጥብ ቦረና ነው። አንድ ጠዋት ሻይ ይዞላት ተሻገረና «አዴ ደመቀች፣ ጸጉርሽ ያምራል» አላት።

ያ ጸጉር የጨርቅ ነጋዴዋ የሀምዲያ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ደመቀች በገዛ ጸጉሯ እሱ ፊት መቆም አቃታት። የራሷን ካየ ሻዩን ይዞ ይመለሳል ብላ አመነች። ማታ ማታ ግን በሯን ዘግታ፣ ከዳበል መንደር ሴቶች ለገበያ የሚያመጡትን ለጋ ቅቤ ለዚያ ለሳሳው ጸጉሯ ትቀባለች፤ ችግኝ እንደሚያጠጣ ሰው ጠዋት ተነስታ በመስታወት ታየዋለች።

አንድ ቀን ጃርሶ «እሁድ ኦዳ መንደር ታላቅ እህቴ ልጇን ትድራለች። አንቺንም ማየት ትፈልጋለች» አላት።

«እኔን ለምን?»

«ፍየል ስገዛም እሷ ናት የምታይልኝ።»

«እኔና ፍየል አንድ ነን?»

«ፍየል እንኳ እንዲህ መልስ አትሰጥም።»

እሁድ ጠዋት ቅቤዋን ልትታጠብ ብትነሳ ጀሪካኑ ባዶ ነው። ሠፈሩ ውስጥ ውሃ የለም። የጃርሶ መኪና ደግሞ ከሰዓቱ ቀድሞ በር ላይ ጥሩንባውን ነፋ። ደመቀች ምን ታድርግ፣ ቅቤ የጠገበ ራሷን በፌስታል ጠቅልላ፣ በላዩ የሀምዲያን ዊግ ደፍታ ወጣች።

ኦዳ ዳሱ ውስጥ ፀሐይዋ በሸራው ላይ ተቀምጣ ነበር። ደመቀች ከጃርሶ እህት ጎን ተቀመጠች። ሴቶቹ ለሙሽራዋ መዝፈን ሲጀምሩ በግራ ጆሮዋ በኩል አንድ ነገር ሞቅ እያለ ወረደ። ቀጥሎ በቀኝ። ከዚያ በግንባሯ አልፎ በአፍንጫዋ ጥግ።

«ምነው ታለቅሻለሽ?» አለች እህቲቱ። አማርኛዋ የገበያ ነው፤ ግን ይበቃል።

«ዘፈኑ... አንጀቴን በላው» አለች ደመቀች፣ የዘፈኑን አንድ ቃል በቅጡ ሳትሰማ።

«አይዞሽ፣ ልበ ሩኅሩኅ ነሽ።»

ሩኅሩኅነቷ አልቆም አለ። ዝንቦችም መጡ፤ ሙሽራዋን ትተው እሷን ከበቡ። ጃርሶ ከወንዶቹ መሐል አንገቱን አስግጎ ያያል። እህቲቱ እጇን ዘረጋች፣ ከደመቀች ጉንጭ ላይ በጣቷ ጠረገች፣ ጣቷን አሸተተች።

«ልጄ» አለች፣ «እንባሽ የላም ነው።»

ይዛት ከዳሱ ጀርባ ወጣች። ዊጉን አነሳች፣ ፌስታሉን አነሳች። ደመቀች ዐይኗን ጨፈነች፤ ጃርሶ ተከትሏቸው መምጣቱን ከጫማው ድምፅ ታውቃለች።

«የዳበል ቅቤ ነው?» አለች እህቲቱ።

«የዳበል ነው።»

«ጥሩ ነው። ጸጉሩም ይይዛል። ዝናብ ያገኘ መሬት ነው፣ ትንሽ ታገሺው።» ከዚያ ዊጉን እንደሞተ ዶሮ አንጠልጥላ ለወንድሟ ሰጠችውና ወደ ዘፈኑ ተመለሰች።

ጃርሶ ዊጉን አገላብጦ አየው። «ይሄ የሰኞው ነው» አለ። «የተጠቀለለው የረቡዕ። ቀዩ የቅዳሜ።»

ደመቀች አንድ ዐይኗን ገለጠች። «ታውቅ ነበር?»

«ጎማ ጠጋኝ ነኝ እኮ። የራሱና የተለበደው ይጠፋኛል? የራስሽ ተራ መቼ ይደርሳል ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

«አሁንስ ደረሰ። ሻይህን ይዘህ ልትመለስ ነው?»

«ሦስት አራት ሴት ማስተዳደር አልችልም» አለ ጃርሶ። «ሌሎቹን ለባለቤቶቻቸው መልሺና አንቺ ቅሪ።»

ደመቀች ያን ዊግ ደጋግማ አጠበችው፤ ሽታው ግን ሙጭጭ አለ። ሀምዲያ ልትወስድ ስትመጣ እንዲያው አስረከበቻት። በማግስቱ ሀምዲያ ተመልሳ መጣች፤ በሩ ላይ ቆማ ግራ ቀኝ አየች።

«እትዬ ደመቀች፣ በአላህ ንገሪኝ፤ ምን ቀባሽበት?»

«ምነው?»

«ባሌ ማታ ራሴን አሽትቶ እናቴን እናቴን ሸተትሽኝ ብሎ ትክዝ አለ። ከተጋባን እንዲህ አቅፎኝ አያውቅም። ለወደፊቱም እንደዚሁ አድርጊልኝ።»

«የሙያ ምስጢር ነው» አለች ደመቀች። ራሷ ላይ የነበረው የራሷ ጸጉር ብቻ ነው፤ አጭር፣ በጠባብ ሹሩባ የተያዘ፣ የሚያብለጨልጭ። ሚዶዋን አንስታ የተለመደውን ማንጎራጎር ጀመረች፤ «ሰው ነው» የሚለው ላይ ስትደርስ ግን አቆመች።

«ምነው ጨርሺው እንጂ» አለች ሀምዲያ።

ደመቀች ወደ ማዶ አየች። ጃርሶ ጎማውን ትቶ፣ በቅባት እጁ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዞ፣ መኪና እስኪያልፍ ቆሟል።

«ተይው» አለች፣ «አሁንስ ሌላው ግማሹም ውሸት ሆነ።»