ድንጋይ የሚሉት አጥንት

ልጄ ጭኔ ላይ ጋደም ስትል ከጆሮዋ የሚወጣው መግል ሸተተኝ። ዳበስ ባደርጋት ከጆሮዋ ጀርባ አብጦ እንደ እሳት ይፋጃል። ያን ሽታ አውቀዋለሁ።

በጃንሆይ ጊዜ፣ በልጅነቴ፣ እንዲሁ ታምሜ እናቴ ቢቸና ሐኪም ቤት ወስዳኝ ነበር። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ድሬሰር እብጠቴን ጫን ጫን አደረገና «እዚህ ውስጥ ድንጋይ አለ፤ እሱ እንዳይነካ ነው የምፈራው» አለ።

እናቴ ብድግ አለች። «ልጄን ድንጋይ ራስ ልትላት ነው? የታመመ ሰው ይሰደባል?»

ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ! ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ያልተማረች ሴት ስለ ልጇ ብትቆጣ ምኑ ያስቃል?

ሳቁ ሲያልቅለት «ስድብ አይደለም፣ እማማ» አለ። «በጆሮ በኩል ያለው የውስጥ አጥንት እጅግ ጠንካራ ነው። ሐኪሞች ፔትረስ ይሉታል፤ ከግሪክ የመጣ ቃል ነው፣ ድንጋያማ ማለት። ጴጥሮስም ዓለት ማለት አይደል? ሥሩ አንድ ነው። መግሉ እሱን ካለፈ አንጎል ይነካል።»

«ታዲያ መጀመሪያውኑ ጴጥሮስ አትልም? ምን ድንጋይ ድንጋይ ያሰኝሃል!»

አሁን ጎረቤቶቼ «ጆሮ ፈሶ ይተዋል» ቢሉኝ ተቆጣኋቸው፤ ልጄን አዝዬ ሞጣ ሐኪም ቤት ገባሁ። ሐኪሟ መርምራ፣ መግሉን አውጥታ፣ መርፌ ወጋቻት።

«አጥንቱ ጋ አልደረሰም» አለችኝ።

«የጴጥሮሱ ጋ?» አልኳት።

አልሳቀችብኝም። «አዎ፣ እሱ ጋ» አለች።

ትኩሳቱ በረደ። ልጄ ተርፋለች።