ወጥ ውስጥ የገባው የጣሊያን ወይን

ጣፋጭ ወይን ድሮም አልወድም። ወይን ከሆነ ኮምጠጥ ይበል፣ ሽሮፕ ከሆነ ፋርማሲ ይሽጠው። የእህቴ ባል ግን የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከጂቡቲ ተመልሶ ቃሊቲ ጭነቱን ባራገፈ ቁጥር ለእናቴ አንድ ነገር ሳይዝ አይመጣም። ለዘንድሮ ፋሲካ የያዘው ከፊል ጣፋጭ የሚባል የጣሊያን ቀይ ወይን ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ገላን ኮንዶሚኒየም፣ እናቴ ቤት ስሄድ የሚያርር ሽንኩርት ሽታ ደረጃው ላይ ተቀበለኝ። እሷ ድስቱ ላይ አጎንብሳ በእርጋታ ታማስላለች።

"እማዬ፣ እያረረብሽ እኮ ነው።"

ደንገጥ ብላ ውሃ ጠብ አደረገችበት። ተናደድኩ። ክረምቱን ታማ ከተነሳች ወዲህ እህቴ "ወጡን እኔ ልሥራ" ብላ ለምናታለች፤ "ገና አልሞትኩም" ነው መልሷ። ዶሮ ወጧ በብሎኩ ሁሉ ስሟ ነው። ያን ሁሉ ጾመን የምንገድፈው በእሱ ነው። ስትሠራው ደግሞ አትቀምሰውም፣ ጾም ነዋ። ጨዉንም ቅመሙንም የምታውቀው በማሽተት ነው።

የእህቴ ባል ጠርሙሱን አቅፎ ከስልኩ ያነብላት ጀመር።

"እማማ፣ ቅመም ከበዛበት ሥጋና ከአይብ ጋር ይስማማል ይላል።"

"ታዲያ ዶሮ ወጥ ማለቱ ነዋ" አለችው።

ወጥ ላይ ወይን ጠብ ማድረግ ልማዷ ነው፤ ግን ኮምጠጥ ያለውን፣ ያውም በሲኒ። አሁን የአማቿን ስጦታ ላክብር ብላ የጠርሙሱን ግማሽ ገለበጠችው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ "ጣፋጭ እኮ ነው" ያልኩት ከገባ በኋላ ነው። ድስቱ ላይ አጎንብሳ አሸተተችና "ሽታው ጥሩ ነው" አለች።

በማግስቱ ጠዋት መሶቡን ከበን የመጀመሪያውን ጎረስኩ። በርበሬው፣ ቅቤውና ስኳሩ ተደባልቀው ምላሴ ላይ ተጣበቁ። መረቁ እንደ ማርማላታ ጣቴ ላይ ይለጠፋል። ያን ሁሉ ቀን የጾምኩት ለዚህ ነው? የተረፈውን ወይን ቀዱልኝና አፌን ላጥብበት ስል ጭራሽ ባሰብኝ። እህቴ መዋጥ አቅቷት ጉንጯን ሞልታ መስኮቱን ታያለች። ባለስጦታውም አንዴ ጎርሶ ወደ አይቡ ሸሸ። ስልኩ ስለ አይቡ አልዋሸም።

ልናገር አፌን ስከፍት እናቴን አየኋት። አጥንቱን እየጋጠች በደስታ ትበላለች። ቀና ስትል ፊታችንን በየተራ አየችና ማኘኳን አቆመች። ወደ እኔ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ።

"ጨው በዛበት እንዴ?"

ያረረው ሽንኩርት ትዝ አለኝ። "ሽታው ጥሩ ነው" ያለችውም። እናቴ አይሸታትም። የምትበላው ምን ምን እንደሚል አታውቅም። ከክረምቱ ጀምሮ ወጧን የምታውቀው የእኛን ፊት እያየች ነው። ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ፤ ስኳሩ ግን ምላሴ ላይ እንደተጣበቀ ነበር።

"እንደ ሁልጊዜው ነው" አልኳት።

ፊቷ በራ። ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ አጎረሰችኝ። ሳልተነፍስ ዋጥኩት።

"አንድ ያጣላል" ብላ ሁለተኛውን ስትጠቀልል እህቴ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ አፌን ከፈትኩ።